የአባቴ የዓይን ጠብታ ለእማዬ የእግር ቁስል ይሆናል? (ስለ ቲሞሎል)

የእማዬ_ልጅ

ሰላም ወገኖች። ስለ ሕክምና የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አንብባችሁ መልሱልኝ፣ ትንሽ ረዘም ይላል።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ግራ እግሯ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ቁስል አላት። ከዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ ቆዳው ጠቆረ፣ ያሳክካት ጀመር፣ ከዚያ ተከፈተና አልዘጋ አለ። ጠበበ ብለን ደስ ሲለን መልሶ ይሰፋል። ውሃ የመሰለ ነገር ያወጣል። ማታ ማታ ሁለቱም እግሯ ያብጣል፣ የግራው ይብሳል። ስኳር የለባትም፣ ተመርምራለች። ግፊት ግን አለባት፣ አምሎዲፒን 10 ትወስዳለች። እንጀራ ጋግራ ነው የምትሸጠው፣ ስለዚህ ምጣድ ፊት ቆማ ትውላለች፣ ተቀመጪ ብንላት አትሰማም።

ያልሞከርነው የለም። ጤና ጣቢያ እየሄደች ይታጠብላትና ይታሸግላት ነበር። አንቲባዮቲክ ታዞላት ጨርሳለች። ጎረቤት ማር ቀቡት አሉ፣ ቀባን። ሌላ ሰው ደግሞ የአምፒሲሊን ካፕሱል ፈትታችሁ ነስንሱበት አለ፣ እሱንም አደረግን። ጠበልም ትሄዳለች።

አሁን የአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደውሎ ቲሞሎል የሚባል የድሮ የግፊት መድኃኒት የማይድን የእግር ቁስል ይዘጋል የሚል ጥናት አነበብኩ አለኝ። በጠብታ ነው ቁስሉ ላይ የሚደረገው አለ። ስሙን ስሰማ ደነገጥኩ። አባዬ ለግላኮማ በየቀኑ ዓይኑ ውስጥ የሚያደርገው እሱኑ ነው! 0.5 ፐርሰንት ይላል ጠርሙሱ ላይ። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ እማዬ ስትሰቃይ ኖረናል ማለት ነው?

ጥናቱ እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነ ዛሬ ማታ ሁለት ሦስት ጠብታ ብናደርግላት ምን ችግር አለው? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


ባለፋርማሲው

እህቴ፣ እናትሽን ይማርልሽ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ ጠብታውን ቁስሉ ላይ አታድርጉ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

የአጎትሽ ልጅ ያነበበው ውሸት አይደለም። ቲሞሎል ቤታ ብሎከር ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች አድሬናሊን በሰውነታችን ላይ የሚያደርገውን ሥራ ያግዳሉ፣ ልብ ቀስ ብሎ እንዲመታና ግፊት እንዲወርድ ያደርጋሉ። ቲሞሎል በክኒን መልክ ለግፊት ይሰጥ ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ሃርት አታክ ደርሶባቸው በተረፉ 1,884 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሞትን እንደሚቀንስ በ1981 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ታትሟል፣ በጊዜው ትልቅ ዜና ነበር። አሜሪካ ውስጥ በዓይን ጠብታነት የተፈቀደው ደግሞ በ1978 ነው። ዛሬ ለግፊት ብሎ ክኒኑን የሚያዝ ሐኪም ብዙም አታገኚም፣ ጠብታው ግን እስካሁን በዓለም ሁሉ ይሠራበታል።

ታዲያ ከቁስል ጋር ምን አገናኘው? ቁስል ሲዘጋ የላይኛው ቆዳ ሴሎች ከቁስሉ ዳር ተነስተው ወደ መሃል እየተሳቡ ነው የሚሸፍኑት። እነዚህ ሴሎች አድሬናሊንን የሚቀበል ነገር በላያቸው አላቸው፣ ራሳቸውም አድሬናሊን ያመርታሉ። አድሬናሊን ሲያገኛቸው ጉዟቸው ይዘገያል። ቤታ ብሎከር ሲደረግባቸው ደግሞ ይፈጥናል። ይህን ለዓመታት ሲያጠና የኖረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኘው የፕሮፌሰር ሪቭካ ኢሴሮፍ ላብራቶሪ ነው። በ2013 አንድ አልድን ብሎ የቆየ የእግር ቁስል በቲሞሎል ጠብታ መዘጋቱን ጽፈው አወጡ። አንድ በሽተኛ ነው ግን፣ ልብ በይ። በ2017 ደግሞ ከህንድ አንድ አነስ ያለ ጥናት ወጣ፣ ከተለመደው እንክብካቤ በተጨማሪ ቲሞሎል የተደረገላቸው ሰዎች ቁስል ካልተደረገላቸው የበለጠ ጠበበ።

እኔ በግሌ ይህን ምርምር ተስፋ አደርግበታለሁ። ሐሳቡ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም፣ ላብራቶሪ ውስጥ ተመርምሮ የወጣ ነው። ነገር ግን አንድ በሽተኛና አንድ ትንሽ ጥናት ይዞ "መድኃኒቱ ተገኘ" ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልምጣ። አስም አለባቸው ወይ? ሲተኙ ሲር ሲር ይላቸዋል? የልብ ምታቸው ዝግ ያለ ነው ተብለው ያውቃሉ? የልብ ድካም አለባቸው ተብሏል? ይህን መልሽልኝ። ጠርሙሱ ትንሽ ስለሆነ መድኃኒቱ ቀላል አይምሰልሽ። ዓይን ውስጥ የገባ ቲሞሎል እንኳን በአፍንጫ በኩል ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል፣ አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ የሳንባ ቧንቧ አጥብቦ ለሞት ያደረሰበት ጊዜ እንዳለ የመድኃኒቱ መግለጫ ራሱ ይጽፋል። የተከፈተ ቁስል ደግሞ ቆዳ የሌለው ቦታ ነው፣ መድኃኒቱን የሚያግደው ነገር የለም።

ሌላም አለ። የአባትሽን ጠርሙስ ጫፍ ቁስል ካስነኩት በኋላ ወደ ዓይናቸው ቢመልሱት ጀርም ይዞ ነው የሚመለሰው። የታመመ ዓይን ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ደግሞ በብዙዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ማቆያ ኬሚካል፣ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ፣ አዲስ የሚበቅሉ ሴሎችን ይጎዳል። ጠብታው ቶሎ አልቆ አባትሽ ቀን ቢያልፋቸው ደግሞ የዓይናቸው ግፊት ይወጣል፣ በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም።


ወሎዬው

ባለፋርማሲው አክብሬሃለሁ፣ ግን ትንሽ አበዛኸው። እህታችን ዓመት ሙሉ ተመላልሳ መፍትሔ አላገኘችም። ሰው መሞከር አለበት። ቁስሉ ላይ ጠብ ይደረግ አለች እንጂ ይጠጣ አላለች። ይሄ መድኃኒት ርካሽ ስለሆነ ነው ማንም የማያወራለት። ባለቤትነቱ ያለቀ መድኃኒት ላይ የትኛው ኩባንያ ነው ገንዘብ አውጥቶ ትልቅ ጥናት የሚያሠራው? ውድ ቅባት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በየቲቪው ማስታወቂያ ይሠራለት ነበር። አክስቴ እንዲህ ዓይነት ቁስል ይዛ ነው የኖረችው፣ ሰው መሃል መቀመጥ እስክትፈራ ድረስ፣ ይሸተኛል እያለች ሠርግም ለቅሶም ቀረች። ትልቅ ጥናት እስኪመጣ ጠብቁ የሚለው ነገር ለታመመ ሰው ከባድ ነው።


የእማዬ_ልጅ

ባለፋርማሲው፣ አስም አለባት። እኔ ከቁስሉ ጋር የሚገናኝ ስላልመሰለኝ ነው ያልጻፍኩት። ሲበርዳትና የምጣዱ ጭስ ሲበዛባት ቬንቶሊን ፓፍ ትወስዳለች። በሳምንት አንዳንዴ ሁለቴ ሦስቴ። የልብ ችግር አለባት ተብለን አናውቅም።

ወሎዬው ስለ አክስትህ የጻፍከው ልቤን ነካኝ። እማዬም ልክ እንደዚያ ነው የሆነችው፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳን ጥግ ይዛ ነው የምትቆመው።


ባለፋርማሲው

እንግዲያው መልሱ አንድ ነው፣ ቲሞሎል እናትሽ ዘንድ አይድረስ። በጠብታም፣ በቅባትም። ቬንቶሊን የሚሠራው ሳንባ ውስጥ ያለውን፣ ቲሞሎል የሚዘጋውን ያንኑ ቦታ ቀስቅሶ ነው። ማለትም ቲሞሎል ሰውነታቸው ውስጥ ገብቶ አስሙ ቢነሳባቸው፣ ቬንቶሊኑን ሲስቡት አልሠራ ሊላቸው ይችላል። ሌሊት ላይ ይህ ቢሆን ምን እንደሚመጣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ለወደፊቱም ማንኛውም ሐኪም ቤታ ብሎከር ሊያዝላቸው ቢል አስም አለባት በሉት።

ወሎዬው ወንድሜ፣ የተናገርከው ግማሹ ልክ ነው። የድሮ መድኃኒት ላይ ትልቅ ጥናት የሚያሠራ ኩባንያ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። እኔንም ያናድደኛል። የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ነው እንዲህ ዓይነቱን ምርምር የሚይዘው፣ እሱም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ።

ግን ትልቅ ጥናት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚሁ ከእግር ቁስል ምሳሌ ልስጥህ። አስፕሪን ከዚህም የረከሰ መድኃኒት ነው። በ1994 ከእንግሊዝ፣ ከሊድስ፣ 20 ሰዎች ብቻ የተካፈሉበት ጥናት ወጣ፣ አስፕሪን የወሰዱት ቁስላቸው ቶሎ ቶሎ ጠበበ ተባለ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። ስንት ሐኪም ይህን ይዞ አስፕሪን ሲሰጥ ኖረ። በኋላ ኒው ዚላንድ ውስጥ 251 ሰዎች ላይ በደንብ ተሞከረ፣ ግማሾቹ አስፕሪን ግማሾቹ አስፕሪን የሚመስል ባዶ ክኒን ወሰዱ፣ ሁሉም እግራቸው በፋሻ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር ነበር። ውጤቱ በ2017 ሲወጣ አስፕሪኑ ምንም አልጨመረም። የዳኑት በፋሻው ነው።

የተሳካም አለ፣ እሱንም ልንገርህ። ፕሮፕራኖሎል የቲሞሎል ታላቅ ወንድም በለው፣ የድሮ የግፊትና የልብ መድኃኒት ነው። በ2008 የቦርዶ ሐኪሞች ለሌላ ችግር ሲሰጡት ሕፃናት ቆዳ ላይ የሚወጣው ቀይ የደም ሥር እብጠት ሲከስም አዩ። ጥቂት ልጆች ነበሩ። ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ 460 ሕፃናት ላይ ሞክረውት በ2015 ውጤቱ ወጣ፣ እውነትም ሠራ። ዛሬ መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። አየህ፣ ሁለቱም በትንሽ ተስፋ ነው የጀመሩት። የትኛው እውነት እንደሆነ ሳይሞከር ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ቲሞሎልም የእግር ቁስል ላይ በደንብ ይሞከር ነው የምለው፣ የአስም ሰው ባልሆኑ በሽተኞች፣ መጠኑ ተለክቶ፣ ልባቸው እየታየ። እንዲህ ያለ ሙከራ እዚህ አገር ቢሠራ እኔ ደስታዬ ነው።


ሲስተር_ከባሕር_ዳር

ሁላችሁም ሰላም። እኔ ነርስ ነኝ፣ ለብዙ ዓመት ቁስል ሳጥብና ሳሽግ ነው የኖርኩት። እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ማር፣ ስለ ካፕሱል፣ ስለ አንቲባዮቲክ፣ ስለ ጠብታ ነገርሽን። ስለ ፋሻ አንድም ቃል የለም። ቁስሉ ይታሸግ ነበር አልሽ እንጂ እግራቸው ከጣታቸው እስከ ጉልበታቸው ሥር በላስቲክ ፋሻ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር ነበር ወይ? አይመስለኝም። ብዙ ቦታ የሚቀረው ይሄው ነው።

የእናትሽ ቁስል ከአቀማመጡ፣ ከቆዳው መጥቆር፣ ማታ ከማበጡና ውሃ ከማውጣቱ ሲታይ ከደም መላሽ ቧንቧ የሚመጣ ይመስላል፣ ይህን ግን በዓይኑ ያየ ሐኪም ነው የሚያረጋግጠው። ከእግር ቁስሎች አብዛኞቹ ከዚህ ናቸው። ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ተመልሶ ወደ ልብ መውጣት አለበት። ደም መላሾቹ ውስጥ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ፣ እነሱ ሲላሉ ደሙ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ቆዳውን ከውስጥ ይገድለዋል። ከላይ ምንም ብትቀቢ ከውስጥ ያለው ግፊት እስካለ ድረስ ቁስሉ እንዴት ይዘጋል? ፋሻ የሚያደርገው ያንን ደም ገፍቶ ወደ ላይ መመለስ ነው። ዋናው ሕክምና ይህ ነው፣ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው። የቲሞሎሉም ነገር ነገ ቢረጋገጥ ከፋሻው ጋር ነው እንጂ በፋሻው ፋንታ አይሆንም።

ነገር ግን ዛሬውኑ ፋሻ ገዝተሽ አትሰሪ። መጀመሪያ ወደ እግር የሚወርደው ደም ደህና መሆኑ መታየት አለበት። ደም ወሳጁ የጠበበ ሰው እግሩ ጠብቆ ቢታሰር እግሩን ሊያጣ ይችላል። ይህን ማወቅ ደግሞ ቀላል ነው። በዶፕለር፣ የደም ፍሰትን በድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ፣ የቁርጭምጭሚት ግፊት ይለካል፣ የክንድ ግፊት ይለካል፣ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ይካፈላል። 0.8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይቻላል። ከዚያ በታች ከሆነ በጥንቃቄና ላላ ተደርጎ በሐኪም ትእዛዝ ነው። ከ0.5 በታች ከሆነ ፋሻ አይታሰብም፣ ወደ ደም ሥር ሐኪም ነው የሚሮጠው። ለዚህ ሪፈር ጠይቂ፣ አትፈሪ፣ "የእግሯ ደም ዝውውር ይለካልን" በያቸው።

ሁለተኛው ነገር አምሎዲፒን ነው። ጥሩ የግፊት መድኃኒት ነው፣ ግን እግር ያሳብጣል፣ 10 ሚሊግራም ላይ ደግሞ ይብሳል። ያበጠ እግር ላይ ቁስል አይዘጋም። በራሳችሁ እንዳታቋርጡት! ግፊት ሳይታሰብ ቢወጣ ከቁስሉ የባሰ ነገር ይመጣል። ለሐኪሙ ንገሩት፣ ወደ 5 ሊያወርደውና እንደ ኢናላፕሪል ያለ ሌላ ሊጨምርበት ይችላል፣ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ እብጠቱ ይቀንሳል።

ካፕሱል መነስነሱን ተዉት። ቀይ ሆኖ የሚሰፋ፣ የሚያቃጥል፣ መግል ያለው፣ ትኩሳት ያስከተለ ካልሆነ አንቲባዮቲክ ለቁስሉ ምንም አይሠራም፣ የተነሰነሰው ዱቄት ቆዳቸውን አሌርጂክ ያደርገዋል። ጂቪም፣ አልኮልም፣ ኦክስጅን የሚሉት አረፋ የሚያወጣውም ይቅር። ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹህ ውሃ ይታጠብ፣ ቁስሉ ላይ የማይጣበቅ ነገር ይደረግ፣ ዙሪያው ያለው ደረቅ ቆዳ ቫዝሊን ይቀባ። ማር የቁስል መድኃኒት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ለሌላ ቁስል ጥሩ ነው፣ ለዚህ ዓይነቱ ግን ኒው ዚላንድ ውስጥ 368 ሰዎች ላይ ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ ማር በፋሻ ሥር ተደርጎ ተሞክሮ ማሩ ከሌላው መሸፈኛ በልጦ አልተገኘም፣ ሕመምም ጨመረ። ጠበላቸውን አይተዉ፣ ፋሻውንም አይተዉ።

እንጀራውን በርጩማ ላይ ተቀምጠው መጋገር ቢችሉ እንዴት ጥሩ ነበር። መራመድ ጥሩ ነው፣ ባት ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። መጥፎው አንድ ቦታ ቆሞ መዋል ነው። ማታ ሲያርፉ እግራቸው ከልባቸው ከፍ ብሎ ትራስ ላይ ይሁን።

ደግሞ "ይህማ ቀላል ነገር ነው" አትበሉ። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም 696 የዝሆኔ በሽተኞች ላይ የተሠራ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ለሚያስፈልጋቸው ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው የተሰጣቸው፣ እግራቸው በድንገት እየነደደ አልጋ ላይ የሚጥላቸው ሕመም ቀነሰላቸው። በሽታው ሌላ ነው፣ የእግር እንክብካቤ ምን ያህል እንደሚያስገኝ ግን በአገራችን ሰው ላይ የታየ ነው።


ከሽቱትጋርት

ሲስተር የጻፈችው ላይ ልጨምር፣ እኔ እዚህ ጀርመን ቁስል ብቻ የሚታከምበት ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህም ቢሆን ሥራችን ዞሮ ዞሮ ፋሻ ነው። ውድ ውድ መሸፈኛ ተደርድሮ በሽተኛው ፋሻውን ቤቱ ሲገባ እየፈታ የሚጥል ከሆነ ቁስሉ አይዘጋም።

ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ሐኪሙ ደም መላሹን በአልትራሳውንድ እንዲያይላችሁ ጠይቁ። የላላው ደም መላሽ ከቆዳ ሥር ቅርብ ያለው ከሆነ በሙቀት ወይም በመርፌ ሊዘጋ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ 450 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል፣ ከፋሻው ጋር ደም መላሹ ቶሎ የተዘጋላቸው ሰዎች ግማሾቹ በ56 ቀን ውስጥ ዳኑ፣ ፋሻ ብቻ ይዘው የጠበቁት ደግሞ 82 ቀን ፈጀባቸው። ይህ ሕክምና ኢትዮጵያ ውስጥ በየቦታው አይገኝም፣ ቢሆንም መጠየቅ አይከፋም። ፔንቶክሲፊሊን የሚባል ክኒንም አለ፣ ከፋሻ ጋር ሲወሰድ ቁስል እንዲዘጋ እንደሚረዳ ከበርካታ ጥናቶች ተሰብስቦ ታይቷል። እንግዲህ የድሮና ርካሽ መድኃኒት ለሚፈልግ ሰው ከቲሞሎል ይልቅ በሰው ላይ ብዙ የተፈተነው ይሄ ነው። ይሆናቸዋል አይሆንም የሚለው ግን የሐኪም ነው።

ሁለተኛ፣ ግፊት ያለበት ሰው የእግር ቁስል ሁሉ ከደም መላሽ አይደለም። ማርቶሬል ይባላል፣ የባርሴሎናው ሐኪም ፈርናንዶ ማርቶሬል በ1945 የጻፈው፣ ከቆየ የደም ግፊት የሚመጣ ቁስል አለ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው። ዳሩ ጥቁር ወይንጠጅ ይሆናል፣ በፍጥነት ይሰፋል፣ ሕመሙ ከቁስሉ መጠን ጋር አይመጣጠንም፣ ሰው እንቅልፍ ያጣል። የእናትሽ አይመስለኝም፣ ግን ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ሊኖር ስለሚችል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ቶሎ ሐኪም ይሂድ፣ ቆዳ መለጠፍ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። ደግሞ ማንኛውም ወራት ያለፈው፣ በሚገባ ታስሮም አልጠብ ያለ ቁስል ትንሽ ሥጋ ተወስዶ ቢመረመር ጥሩ ነው፣ ቆይቶ ወደ ካንሰር የሚለወጥ አለና።


ወሎዬው

ባለፋርማሲው፣ የአስፕሪኑን ነገር አላውቅም ነበር፣ አስተማርከኝ። አስም እንዳለባት ሳላውቅ ነው የጻፍኩት፣ እህቴ እባክሽ እንዳታደርጊው። ግን አንድ ነገር ላይ አሁንም እቆማለሁ። እንዲህ ያለው እውቀት ለምንድን ነው ሰው በአጋጣሚ ኢንተርኔት ላይ ካልጠየቀ የማያገኘው? አክስቴ እግሯ በፋሻ ታስሮ አያውቅም። አንድም ቀን። ሁሌ አንቲባዮቲክ ነው።


ሲስተር_ከባሕር_ዳር

ወሎዬው ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። በደንብ ማሰር ጊዜ ይፈልጋል፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ፋሻው ብዙ ጊዜ በሽተኛው ከኪሱ ነው የሚገዛው። ይህ ሰበብ አይደለም፣ እንዲቀየር የምንጮኸው ለዚህ ነው። አክስትህ በሕይወት ካሉ አሁንም አልረፈደም፣ ያንኑ ምርመራ አስደርግላቸው።


የእማዬ_ልጅ

ወገኖቼ፣ ተመልሼ መጣሁ። ጠብታውን አላደረግንም። ሪፈር ተጽፎልን ሆስፒታል ወሰድናት። ግፊቷ በክንዷ 150፣ በቁርጭምጭሚቷ 145 ሆነ፣ ሐኪሙ አካፍሎ ወደ እግሯ የሚወርደው ደም ደህና ነው አለን። ቁስሉ የደም መላሽ ነው አለ፣ ልክ ሲስተር እንዳለችው። አምሎዲፒኑን ወደ 5 አውርዶ ኢናላፕሪል ጨመረላት፣ ደረቅ ሳል ከመጣባት ተመልሳችሁ ኑ ብሏል። ስለ ቲሞሎልም ጠየቅኩት። ጥናቱን እንደሚያውቀው ነገረኝና አስም እንዳለባት ሲሰማ ጭራሽ እንዳትሞክሩት አለ።

አሁን እግሯ ከጣቷ ጀምሮ እስከ ጉልበቷ ሥር ይታሰራል፣ ተረከዟንም ጨምሮ። መጀመሪያ ላይ ጠበቀኝ ብላ ፈታችው፣ ተቆጣን፣ አሁን ለምዳዋለች። ቁስሉ ገና አልተዘጋም። እብጠቱ ግን በጣም ቀንሷል፣ ውሃ ማውጣቱም። አባዬ ከፍ ያለ በርጩማ አሠርቶላት ተቀምጣ ነው የምትጋግረው።

ሲስተር አንድ ጥያቄ ልጨምር። ከውጭ የሚመጣ ጠባብ ካልሲ አለ ይላሉ፣ የአጎቴ ልጅ ልላክላት ወይ እያለ ነው። አሁን በፋሻው ፋንታ ይሆናል?


ሲስተር_ከባሕር_ዳር

ተመስገን! ካልሲው ይላክ፣ ግን አሁን ሳይሆን ቁስሉ ሲዘጋ ነው የሚያስፈልገው። አሁን ቢያደርጉት ሲስቡት ቁስሉን ይልጠዋል፣ እግራቸውም ገና እየቀነሰ ስለሆነ ልኩ ይለወጣል። ቁስሉ ሊዘጋ ሲል ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ የቁርጭምጭሚታቸውን የቀጭኑን ቦታ ዙሪያና የባታቸውን የወፍራሙን ቦታ ዙሪያ በሜትር ለኪ፣ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ሥር ያለውንም ቁመት፣ ለአጎትሽ ልጅ ላኪለት። ጥብቀቱን ሐኪሙ ይጻፍላችሁ፣ ዓይነቱ ይለያያል። ሁለት ጥንድ ይላክ፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱን እንዲያደርጉ። ስድስት ወር አካባቢ ሲሆን ላስቲኩ ይላላል፣ ይቀየራል። ጠዋት ይደረጋል፣ ማታ ይወልቃል፣ ቁስሉ ዳነ ተብሎ አይተውም፣ የሚተዉት ናቸው ብዙ ጊዜ መልሶ የሚከፈትባቸው። ፋሻው ላይ እያሉ ጣቶቻቸው ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከቀዘቀዙ ወይ ሕመሙ ከጨመረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ፈትታችሁ ውሰዷቸው።